ከመኪና መውረድ ክልክል ነው

ሆሎዌይ፣ ሎንዶን
ኅዳር 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ የሳፋሪ ሎጁ ዋና ዳይሬክተር
ሎንዶን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የቢሮ ባልደረቦችዎም፣ በዚያ በኬንያው ፓርክ የምታስተዳድሯቸው አንበሶችና ዝሆኖችም ጭምር ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋዬ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በሕይወት የቀረነው ማለቴ ነው።

ባለፈው ወር በእጅዎ የተፈረመ ደብዳቤ ደርሶኛል። በመጀመሪያው አንቀጽ፣ እኔና እናቴ በሎጃችሁ ስላሳለፍነው ቆይታ የተሰማንን ሁሉ በግልጽ እንድንነግራችሁ በትሕትና ጠይቀዋል። በሁለተኛው አንቀጽ የጻፉትን ወደ ታች ስደርስ አነሳዋለሁ። የተጠየቀ ሰው ዝም ማለቱ ነውር ስለሆነ እነሆ መልሴን አቀርባለሁ።

ከመሰደዴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። ለሹማምንት እንዴት እንደሚጻፍ፣ የት ላይ «ክቡር» እንደሚባል፣ የት ላይ «በታላቅ አክብሮት» እንደሚገባ አለቆቼ በቁጣ አስተምረውኛል። ዛሬ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ባለ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ጠባዬ ግን አልተለወጠም። ስናደድ ትሕትናዬ ይበዛል። ይህን ደብዳቤ ከመጠን በላይ ትሑት ሆኖ ካገኙት ምክንያቱ ይኸው ነው።

በአማርኛ በመጻፌም እንዳይቀየሙኝ። እርስዎ ስለ ወንድሜ ሞትና ቀብር እናቴን በእንግሊዝኛ ሲያነጋግሯት ቋንቋውን ታውቅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገዎትም ነበር። እኔም እርስዎ አማርኛ ያውቁ እንደሆነ ሳልጠይቅ ብጽፍልዎ የተካከልን መሰለኝ። ደብዳቤው በሎንዶን በሚታተመው የማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። አንድ ቅጂ ደግሞ በፖስታ ይደርስዎታል። ሲያነቡት ራስዎን ከነቀነቁ በሐሳቤ ሁሉ እንደተስማሙ እቆጥረዋለሁ። የሎጁን ስም ያልጠቀስኩት እንግዶቻችሁ እንዳይረበሹ ብዬ ነው። እንግዳ መረበሽ በእናንተ ዘንድ ምን ያህል ከባድ በደል እንደሆነ እዚያው ቦታው ላይ ተምሬያለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ጥቂት ልናገር። ወንድሜ ሳህሉ ከአገር የወጣው በሞያሌ በኩል ነው። ናይሮቢ ውስጥ ብዙ የስደት ዓመታት ካሳለፈ በኋላ በዚህ ሎጅ ሥራ አገኘ። መጀመሪያ መኪና አጣቢ ነበር፤ ቆይቶ ሾፌርና አስጎብኚ ሆነ። ወፎችን በድምፃቸው ለይቶ ያውቅ ነበር። አዲስ አበባ ሳለን ከአውራ ዶሮ በቀር የማንኛውንም ወፍ ድምፅ ለይቶ የማያውቅ ልጅ እንዲህ መሆኑ እናቴን ሁልጊዜ ያስቃት ነበር። እናቴ ወይዘሮ እታለማሁ የምትኖረው ከእኔ ጋር እዚሁ ሆሎዌይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ከካውንስሉ በተከራየነው ፍላት ነው። ሳህሉ ለፋሲካ መጥቶ ሊጠይቃት ቃል ገብቶላት ነበር።

ባለፈው መጋቢት አንዲት እንግዳችሁ ጎሽ በቅርብ ፎቶግራፍ ለማንሳት ከመኪና ወረዱ። ሳህሉ አትውረዱ ብሏቸው ነበር። ሊመልሳቸው ወረደ፤ እሳቸውን ወደ መኪናው ገፍቶ አስገባቸው፤ እሱን ግን ጎሹ ደረሰበት። ሴትዮዋ ዛሬም በሕይወት አሉ። ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ይህን ስል እያሾፍኩ አይደለም፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ሽሙጥ የተመኘሁት ነገር ቢኖር ይኸኛው ነው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልሻገር።

አንደኛ፣ ስለ ስልኩ አመሰግናለሁ። ወንድሜ በሞተ ማግስት እርስዎ ራስዎ ወደ ቤታችን ደወሉ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። ያኔ የነበራት እንግሊዝኛ እኔ ያስተማርኳት «የስ» እና «ታንክ ዩ ቬሪ መች» ብቻ ነበር። ያስተማርኳትም የካውንስል ሰው ቧንቧ ሊያይ ሲመጣ፣ ወይም ከሐኪም ቤት ስለ ቀጠሮ ሲደወልላት፣ ግራ ተጋብታ እንዳትቀር ብዬ ነው። ለዚያ ለዚያው በቂ ነበር። ቧንቧውም ተሠርቶላታል፣ ቀጠሮም አምልጧት አያውቅም።

እርስዎ ሲናገሩ ከመሀል የልጇን ስም ሰማች። ሳህሉ ሲሉ «የስ» አለች። ደግመው ሳህሉ ሲሉ «የስ፣ የስ» አለች። ድምፅዎ ዝግ ያለ፣ አነጋገርዎም የለሰለሰ ስለነበር የልጇ አለቃ ልጇን ሊያመሰግንላት የደወለ መሰላት። ቀብሩ እዚያው ፓርኩ ውስጥ እንዲፈጸም ትፈቅድ እንደሆነ ሲጠይቋትም «የስ፣ ታንክ ዩ ቬሪ መች» ብላ መለሰችልዎ። በኋላ በላኩልኝ ደብዳቤ እናቴ ዜናውን በሚያስመሰግን እርጋታ እንደተቀበለች፣ ለቀብሩም ፈቃዷን ሰጥታ እንዳመሰገነችዎ ጽፈዋል። አንዲት ቃል አልዋሹም።

የዚያን ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የሳህሉ አለቃ ደውሎ ነበር፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም፣ ሳህሉ ሳህሉ ሲል ነው የዋለው፣ እድገት ሳይሰጠው አይቀርም አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነገረች፤ እልል አሉላት። ከዚያም ለልጇ አለቃ ሹራብ መሥራት ጀመረች። ግራጫ ነው። ልክዎን ስለማታውቅ ከድምፅዎ ገምታ ሰፋ አደረገችው።

ሁለተኛ፣ ስለ ደብዳቤው አመሰግናለሁ። የሐዘን መግለጫዎ እጄ ሲገባ ሳህሉ ከተቀበረ ሰንብቶ ነበር። ያነበብኩት ደረጃው ላይ ቆሜ ነው። እናቴ ውስጥ ሆና እርስዎን እያሰበች ሹራብ ትሠራለች። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ተነስቼ እንደገባሁ፣ እንዴትስ እንደወትሮዬ አብሬያት ራት እንደበላሁ ዛሬም ይገርመኛል።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። እናት ለብቻዋ ሳለች ልጅሽ ሞቷል አትባልም። ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይመካከራል፤ የነፍስ አባት ይጠራል፤ ገና ሲነጋጋ ሰው ተሰብስቦ ይመጣና መርዶ ያረዳታል። ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስትጮኽ አብሯት የሚጮኽ ሰው ዙሪያዋን መኖር አለበት። ይህን ለማሰናዳት የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ መኩሪያ ከዌምብሊ ድረስ ሰው ጠሩ። ሁሉም ጨለማው ሳይገፈፍ ተነስቶ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥቶ፣ ደረጃችን ላይ በዝምታ ተሰለፈ።

በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ቄሱን አየች፣ አቶ መኩሪያን አየች፣ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ያሏት ሁለት ልጆች ናቸው። እኔ ቆሜያለሁ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት።

ያን ጠዋት ከሥር ያሉት ጎረቤታችን፣ አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት፣ በጩኸቱ ደንግጠው በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። ነገርናቸው። ወደ ቤታቸው ወርደው ወንበሮቻቸውንና የሻይ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ተመለሱና ከሴቶቹ መሀል ተቀመጡ። ድምፃችሁን ቀንሱ አላሉንም። እኚህ ሴት የእርስዎ አገር ሰው ስለሆኑ፣ ነገሩን የአገር ልዩነት ነው ብዬ ልተወው አልቻልኩም።

ለቅሶው መሀል እናቴ ስልኩ ትዝ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያቃጥላት ከሞቱ ይልቅ ይህ ሆነ። ልጅሽን እንቅበረው ሲሉኝ አመሰገንኳቸው ትላለች። እኔ፣ ቄሱ፣ አቶ መኩሪያ፣ ሁላችንም ሳታውቂ ነው ብለን ለመንናት። እናንተ ስታውቁ ምን ይጠቅመኛል፣ ማወቅ ያለበት እሱ ነው አለች። መቃብሩ ላይ ቆማ፣ እጇን አፈሩ ላይ አድርጋ፣ አላወቅሁም ነበር ልጄ ልትለው ፈለገች። የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። እባክዎ ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የሚቀጥለው ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። መቃብሩን ማየት እንፈልጋለን ብዬ ስጽፍልዎ፣ በሎጃችሁ እጅግ ባማረው ድንኳን በነጻ እንድናርፍ ጋበዙን። ሾፌር፣ ምግብ፣ ሽርሽር፣ ሁሉም ተሟልቶልናል። እናቴ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ መስከረም ላይ ደረስን። ሠራተኞቻችሁ በር ላይ ተሰልፈው እያጨበጨቡና እየዘለሉ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ዘፈን ዘፈኑልን። ከመሀላቸው ሳህሉን የሚያውቁ ነበሩ፤ አፋቸው እየዘፈነ ዓይናቸው መሬት ነበር። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንደሚዘፈን፣ ማንንም እንደማታበላልጡ በቦታው ያሉት ሥራ አስኪያጅዎ አስረዱኝ። ከዘፈኑ በኋላ በሳህን ሙቅ ፎጣ ቀረበ። እናቴ እንባ መጥረጊያ መሰላት። እንዴት ያለ አሳቢ ቤት ነው አለችኝ፤ ዓይኗን ጠርጋም መለሰችላቸው።

አራተኛ፣ ስለ አልጋው። ቀይ አበባ በልብ ቅርጽ ተበትኖበት ነበር። እናቴ አበባውን በጥንቃቄ ለቅማ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ምንጣፉ ላይ ተኛች፤ በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ አልጋ ላይ አይወጣም። በማግስቱ አልጋው ሳይነካ መቅረቱን ሠራተኞቻችሁ አይተው ፍራሹ ቆርቁሯት ነው ብለው ሌላ ለስላሳ ፍራሽ አመጡ። አበባውም እንደገና ተበተነ። በጌጠኛ ጽዋ የቀረበላትን የአናናስ ጭማቂ ግን ጠጥታለች፤ ጾም አልነበረም።

አምስተኛ፣ ስለ ጉብኝቱ። ሥራ አስኪያጅዎ የመቃብሩን ነገር ከጠዋቱ የአራዊት ጉብኝት ጋር አቀናጁልን፤ ወደ ጉማሬዎቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ለሁሉም ይመቻል አሉ። ከፊታችን አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ከነባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ሾፌሩ የሳህሉ ጓደኛ ነበር። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከትልቅ ዛፍ ሥር፣ ሣር መሀል፣ የድንጋይ ክምርና የእንጨት መስቀል ይታያል። ቀድሞ የሠራተኞች ሰፈር እዚያ ነበር። አሁን ሰፈሩ ተነስቶ ቦታው ለአራዊቱ ተመልሷል።

እናቴ ለመውረድ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ሾፌሩ ዞሮ አያት፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየኝ። ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። አራዊቱ እንዳይደነግጡ ድምፅ ማሰማትም ክልክል ነው። ጽሑፉ አዲስ ነበር። በኋላ ሥራ አስኪያጅዎን ስጠይቃቸው፣ ደንቡ የጠበቀው በዚያ በመጋቢቱ አሳዛኝ አደጋ ምክንያት እንደሆነ በሐዘኔታ ገለጹልኝ። እናቴ ወደ ልጇ መቃብር እንዳትወርድ የከለከላት የልጇ ሞት ነው ማለት ነው። ለፎቶግራፍ መውረድ ይቻል የነበረበት ጊዜ አልፎ ኖሯል፤ ዘግይተን መምጣታችን ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሾፌሩ ሌላ የሚሰጣት ስላጣ የሩቅ ማያ መነጽሩን ሰጣት። ገልብጣ ያዘችው። መቃብሩ ይበልጥ ሸሸባት፤ የት ሄደ አለችኝ። አዙሬ ያዝኩላት። አየችው። እናቴ የልጇን መቃብር ያየችው እንግዶቻችሁ አንበሳ በሚያዩበት መነጽር ነው። መስቀሉ ላይ ስሙ ተጽፎ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተጽፏል አልኳት፤ ከዚያ ርቀት ግን ፊደሉ አይነበብም ነበር። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ድምፅ አላሰማችም። ደንብ አክባሪ እንግዳ ነበረች። ሽማግሌው ካሜራቸውን እግራቸው ሥር አስቀመጡ፤ ባለቤታቸው የእናቴን እጅ ያዙ። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ መሪው ላይ አጎንብሶ ሳለ ሬዲዮው ነብር መታየቱን አስታወቀ። ሁሉም መኪና ቶሎ እንዲመጣ ታዘዘ። ሄድን። ነብሩን አይተነዋል፤ ውብ እንስሳ ነው፤ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፣ ስለ ሻዩ። ይህ ነው ያስከፋችሁ፤ ስለዚህ በዝርዝር ልናገረው።

ከሰዓት በኋላ እንግዶች ሁሉ ከውሃው ኩሬ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጡ ሳሉ ዝሆኖች መጡ። አንዲቱ ከመንጋው ተለየችና ከኩሬው ዳር አንድ ነጭ አጥንት አጠገብ ቆመች። በኩምቢዋ ዳሰሰችው። ሄዳ ተመልሳ ደግሞ ዳሰሰችው። ሥራ አስኪያጅዎ በሹክሹክታ ነገሩን። በበጋው ግልገሏ ሞቶባት ነበር፤ አጥንቱ የእሱ ነው፤ እስካሁን እየመጣች ትቆምበታለች። እሷ ስትመጣ መኪና እንዳይጠጋ፣ አጥንቱም ከቦታው እንዳይነካ ኩባንያው በጥብቅ አዟል። እንግዶቹ አነቡ። ባል ለሚስቱ መሐረብ አወጣ። በረንዳው ላይ ከመተንፈስ በቀር ድምፅ አልነበረም።

እናቴ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ዝሆኗን እያየች እሷ መጠጋት ተፈቅዶላታል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ፍንጃሏን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ተነሳች። ከዚያ፣ ጠዋት መኪናው ውስጥ የዋጠችው ሁሉ ወጣ። ሳህሉ! አላወቅሁም ልጄ! አላወቅሁም! አለች። ደረቷን መታች። ጩኸቷ ኩሬውን ተሻግሮ ሄደ።

ሻይ የምታቀርበው ጫልቱ፣ የሞያሌ ቦረና ናት፣ ትሪዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና መጥታ እናቴን አቀፈቻት። ቋንቋቸው የማይገናኝ ሁለት ሴቶች አብረው አለቀሱ። እኔም ተነሳሁ። እናቴ ከሆሎዌዩ ጠዋት ወዲህ ከልቧ ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በውስጤ አልቅሺ፣ አልቅሺ እል ነበር። ዝሆኖቹ ጆሯቸውን ዘርግተው አዳመጡን፤ ከዚያ ሄዱ። ሥራ አስኪያጅዎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መጡና፣ ሐዘናችን እንደሚሰማቸው፣ ነገር ግን እንግዶች ከሩቅ አገር የመጡት ለጸጥታው መሆኑን፣ ወደ ድንኳናችን ገብተን ብንቀጥል ደስ እንደሚላቸው በሹክሹክታ አስረዱን። አንዲት እንግዳ ዝሆኗን በደንብ ፎቶግራፍ ሳያነሷት በመሄዷ ማዘናቸውን ሰምቻለሁ። ከመኪናው የምናውቃቸው ሽማግሌ ግን እስክናልፍ ድረስ ቆመው ነበር። በማግስቱ ሻይ ያቀረበችልን ጫልቱ አልነበረችም። ዕረፍት ወጥታለች ተባልን። ዕረፍቷ ማለቁን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ በረንዳ ላይ ስለሆነው ነገር ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እናቴ ዝሆን ባለመሆኗ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሐዘኗን በዝምታ መግለጽ አለመቻሏ፣ ኩምቢም ስለሌላት ከሩቅ መዳሰስ አለመቻሏ የአስተዳደግ ጉድለት ነው።

ሰባተኛ፣ አሁን ወደ ደብዳቤዎ ሁለተኛ አንቀጽ ደረስኩ። በዚያ በትልቁ ዛፍ ሥር ለአዲስ ሙሽሮች የሚሆኑ ድንኳኖች ለመትከል እንዳሰባችሁ ጽፈውልኛል። ቦታው ለፀሐይ መግቢያ የተመቸ ነው ብለዋል፤ እውነት ነው፣ ያምራል። የወንድሜ አጽምም ወደ «ይበልጥ ተስማሚ ቦታ» እንደሚዛወር፣ ለዚህም የቤተሰቡን ፈቃድ ለማግኘት እንደ ቀድሞው በስልክ እንደሚደውሉ አስታውቀውኛል። እንደ ቀድሞው የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ደብዳቤ አይቻለሁ፤ እንዲህ በሁለት ቃል ሰውን መሬት ላይ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ግን አላጋጠመኝም።

ይህ ሁሉ ውለታ ተቆጥሮ፣ እኛ የምንለምነው ጥቂት ነው። የሳህሉ መቃብር ካለበት አይነካ። እናቴ አንድ ጊዜ ከመኪና ትውረድ። ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ከጎኗ ይቁም፤ ጎሽም ይኑር፣ አንበሳም ይኑር፣ እሷ አትፈራም። ቄስ እንወስዳለን፤ ፍትሐት ያልተደረገለት ልጅ ነው። እጇን አፈሩ ላይ ታድርግ፤ በፈለገችው ድምፅ፣ እስክትጠግብ ትናገረው። ያን ሰዓት እንግዶቻችሁን ወደ ሌላ ነብር ልትወስዷቸው ትችላላችሁ። ግልገሏን ላጣችው ዝሆን ያደረጋችሁትን ለእሷም እንድታደርጉላት ነው የምንለምነው፤ ከዚያ አንዲት ነገር አንጨምርም።

ሹራቡ አላለቀም። ግራ እጁ ቀርቶታል። እናቴ ልትጨርሰውም አልቻለችም፣ ልትተረትረውም እጇ አልሄደላትም፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ወራት አለፉት። ቤቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ እሷን አስፈቅጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ብርዱ ገብቷልና ቢያንስ ቀኝ ክንድዎን ያሙቁበት። የተሠራው በእውነተኛ ፍቅር ነው፤ የዚያን ጊዜ የልጇ ወዳጅ መስለዋት ነበር።

ለእርስዎ ጤና፣ ለኩባንያዎ ብልጽግና፣ ለዛፉ ልምላሜ፣ ለሚመጡት ሙሽሮች መልካም ጋብቻ እየተመኘሁ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ በተረፈኝ ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ሰሎሜ ገብረ መድኅን
የሟቹ የሳህሉ እህት

የተረሳ ነገር፦ ፖስታውን ላሽግ ስል እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ። ትናንት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልክ ተደውሎ ነበር አለች። ያ ጨዋ ሰውዬ፣ ያ ሲናገር የማይቸኩለው። ከመሀል ሳህሉ የሚል ሰማች። እናቴ በዚህ ዓመት አንድ አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ከሥር ካሉት ጎረቤታችን ተምራለች። «ኖ» አለችው። ሰውዬው ሌላ ነገር ጨምሮ ተናገረ፤ «ኖ» አለችው። ደግሞም ሲጠይቃት «ኖ» ብላ፣ ሳታመሰግን ስልኩን ዘጋችው። ምን ምን እንደጠየቋት አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። እንደ ቀድሞው መዝገብዎ ላይ ያስፍሩልን፦ እናትየዋ በሚያስመሰግን እርጋታ መልሷን ሰጥታለች።